ጋሽ ሸዋንግዛው ዋና ሲያስተምሩ

ሰፈር ሰፈር የሚባለው አንድ ሁሉን አዋቂ ሲኖረው ነው። እሱ ከሌለ ቤት የተደረደረበት መንገድ ነው እንጂ ሰፈር አይደለም። የቀበሌ ሊቀመንበር ይመረጣል፣ ይወርዳል። የእድር ዳኛ ይለወጣል። ሁሉን አዋቂው ግን ማንም ሳይሾመው ተሹሞ፣ ማንም ሳያወርደው ይኖራል። ስለ ጥርስ ሕመም ጠይቁት፣ ያውቃል። ስለሚያፈስ ጣሪያ ጠይቁት፣ ያውቃል። ካልጠየቃችሁት ደግሞ የባሰ ያውቃል።

ያኔ ሀዋሳ አዋሳ ስትባል፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው ሰፈር ይህ ማዕረግ የጋሽ ሸዋንግዛው ነበር። ክቡርነታቸው ከመዝገብ ቤት ጡረታ የወጡ፣ ካኪ ኮታቸውንና ባርኔጣቸውን በፀሐይም በዝናብም የማያወልቁ ሰው ናቸው። ችሎታቸው የሚውለው በታምሩ ፀጉር ቤት ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አግዳሚው ላይ ይሰየማሉ፣ ለምሳ ይነሣሉ። በዚህ መሐል ታምሩ የፀጉር መቁረጫ ቶንዶዙን እንዴት እንደሚይዝ፣ ወንበሩ ላይ ያለው ሰውዬ ሚስቱን እንዴት እንደሚይዝ፣ መንግሥት የቡና ገበያውን እንዴት እንደሚይዝ በየተራ ይናገራሉ። "ነገሩ ምን መሰለህ" ብለው ይጀምራሉ፤ ማስረጃ ሲጠፋ "ምፅዋ እያለሁ" ይላሉ። ምፅዋ መቼ እንደነበሩ፣ ምን ይሠሩ እንደነበር የጠየቃቸው የለም። ከሰፈሩ ምፅዋን ያየ ስለሌለ ክርክሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

ታምሩ ደግሞ ዝምተኛ ነው። ዝምተኛ ፀጉር አስተካካይ ብርቅ ነው፤ ግን ጋሽ ሸዋንግዛው ባሉበት ቤት ለሁለተኛ ተናጋሪ ቦታ የለም።

ይህ ምስኪን ሰውዬ ስፖርተኛ የሆነው እንዲህ ነው። ነሐሴ መግቢያ ላይ፣ እሑድ፣ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ስብሰባው ሦስተኛ ሰዓቱን ይዟል። በዚያን ዘመን ስብሰባ የተቀመጠ ሁሉ አንድ ጥበብ ያውቃል፤ ዓይንን ገልጦ መተኛት። እጅ ሥራዋን ራሷ ታውቃለች፤ የጎረቤት እጅ ስትወጣ ያንተም ትወጣለች። ኢምፔሪያሊዝም ተወገዘ፣ እጅ ወጣ። የጽዳት ዘመቻ ተወሰነ፣ እጅ ወጣ። ከዚያ ሊቀመንበሩ ጓድ ኩማ ወረቀት ገለጥ አድርገው እንዲህ አሉ፦

"ለአብዮታችን ሰባተኛ ዓመት በዓል፣ መስከረም ሁለት፣ ሐይቁ ላይ ውድድር አለ። ሦስት ስፖርት፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰው። ዋና፣ ብስክሌት፣ ሩጫ። ቀበሌያችንን ወክሎ የሚወዳደር?"

ጋሽ ሸዋንግዛው ከታምሩ ጎን ነበሩ። ሐሳብ ለመስጠት እጃቸውን አወጡ፤ ሐሳብ የማይሰጡበት ነገር የለምና። የታምሩ እጅ የጎረቤቷን አይታ ተከተለች። ጓድ ኩማ ሁለቱን እጆች አዩ፣ ወጣቱን መረጡ። ታምሩ የነቃው በጭብጨባው ነው።

"ጓድ ታምሩ፣ ቀበሌው ኮርቶብሃል" አሉ ጓድ ኩማ። "አንድ ነገር ብቻ። በአብዮት በዓል ጀምሮ ያቋረጠ ሰው፣ አቋሙ ይመረመራል።"

አቋም መመርመር ምን እንደሆነ ለማያውቅ፦ ትጠራለህ፣ ትሄዳለህ፣ ስትመለስ ይታወቃል። ከታች ሰፈር አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ አቋሙ መመርመር ከጀመረ ሁለት ክረምት አልፏል፣ ገና አላለቀም።

ማታ ሚስቱ ደስታነሽ፣ የሰባት ወር ሆዷን ይዛ፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

"መዋኘት ትችላለህ?"

"አልችልም።"

"ብስክሌትስ?"

"ልጅ ሆኜ ከኋላ ተፈናጥጫለሁ።"

"ሩጫ?"

"ሩጫ ማንን ያቅተዋል?"

"እንግዲህ የምትችለው እጅ ማውጣት ብቻ ነው" አለችና ሆዷን በሁለት እጇ ደገፈች። "ታምሩ፣ ብትፈልግ በሆድህ ተሳብ፣ ብትፈልግ መጨረሻ ውጣ። ብቻ ጨርሰህ ግባልኝ። ይሄን ልጅ ብቻዬን አልወልደውም።"

በነጋታው ጋሽ ሸዋንግዛው በጠዋት መጡ። በሽማግሌ እርጋታ ኮታቸውን አስተካክለው፣ "ነገሩ ምን መሰለህ ልጄ፣ አሰልጣኝ አግኝተሃል" አሉት።

"ማንን ጋሼ?"

"ማንን ይላል እንዴ!"

የመጀመሪያው ትምህርት ዋና ነበር፤ የተሰጠውም አግዳሚው ላይ ነው። ታምሩ በሆዱ ተዘረጋ፣ እጁን እያወናጨፈ እግሩን ያራግባል፤ ደንበኞች ቆመው ይጠብቃሉ። አንዱ ተላጭ ግማሽ ጢሙን አረፋ ቀብቶ ለግማሽ ሰዓት እንዲህ ተመለከተ። ክቡር አሰልጣኙ በከዘራቸው ይመታሉ፤ "ቀጥ! እግር ቀጥ! ዋናው ነገር ራስህን ከውሃ በላይ ማድረግ ነው። ራሱ ውሃ የገባ ሰው አለቀለት። ምፅዋ እያለሁ ስንቱን አይቻለሁ።" ትንፋሽ ደግሞ በፀጉር ማጠቢያው ሳህን ተለማመዱ። ታምሩ ፊቱን ሳህኑ ላይ ይደፋል፣ እሳቸው በእጅ ሰዓታቸው ይቆጥራሉ። ሰዓቱ ከቆመ አራት ዓመት ሆኖታል። "ገና ነው፣ ገና ነው" ይላሉ።

ሁለተኛው ምግብ ነበር። ዓሣ ያልበላን ሰው ውሃ አይቀበለውም ተባለና ታምሩ በየጠዋቱ ሐይቁ ዳር ወዳለው ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ እየወረደ ጥሬ ቆሮሶ ዓሣ በሚጥሚጣ ይበላ ጀመር። ጋሽ ሸዋንግዛው ፍልሰታን ስለሚፆሙ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው ይቆማሉ። "ጨመርክ?" ይላሉ ሳይዞሩ። "ጨመርኩ።" "አንድ ድገም።" በሳምንቱ ታምሩ በዚያ ሲያልፍ አባ ኮዳዎቹ እንደ ዘመድ ያዩት ጀመር። ወፎቹ ናቸው፤ እነዚያ መላጣ፣ ረዣዥም፣ እንደ ጡረተኛ ዳኛ የሚቆሙት።

ሦስተኛው ብስክሌት። ቀበሌው አንድ ሰጠ። ክቡር አሰልጣኙ ዞር ዞር ብለው አዩትና ፍሬኑን አስፈቱት። "ፍሬን ክብደት ነው። ደግሞም የፈሪ ነው፤ ውድድር ላይ ማን ይቆማል?" አዋሳ ሜዳ ስለሆነች ነገሩ ለሁለት ቀን ያስኬድ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንድ ሸንኮራ የጫነ ጋሪ መንገድ አቋረጠ። ታምሩን ከሸንኮራው ውስጥ ሲያወጡት ጋሽ ሸዋንግዛው ደርሰው ፈረሱን ተቆጡት።

ሩጫው ግን ከሁሉ ባሰ። "ሯጭ ጎህ ሲቀድ ነው የሚሮጠው" ብለው ስላዘዙ፣ ታምሩ ገና ሳይነጋ በቁምጣ ወጣ። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃ ይዘው አስቆሙት።

"ከማን ነው የምትሸሸው?"

"ከማንም። ስፖርት ነው።"

"ስፖርት ከሆነ ኳሱ የታል?"

ይህን የሰሙት ጋሽ ሸዋንግዛው የሠላሳ ዓመት የመዝገብ ቤት ልምዳቸውን አወጡ። ቁጥርና ቀን ያለው ደብዳቤ ጻፉ፣ በጓድ ኩማም ማኅተም አስመቱ፦ "ስሙ ከላይ የተጠቀሰው ጓድ የሚሮጠው ለበዓሉ ውድድር እንጂ ከማንም ሸሽቶ አለመሆኑን እናረጋግጣለን። ሲሮጥ የሚያገኘው ሁሉ አስፈላጊውን ትብብር እንዲያደርግለት።" ቆንጆ ደብዳቤ ነበር። ችግሩ በየማዕዘኑ ይነበባል። አንዳንዱ ጠባቂ ፊደል የቆጠረው በቅርቡ ስለሆነ ጮክ ብሎ፣ በጣቱ እየተከተለ ነው የሚያነበው። ታምሩ ቆሞ ይጠብቃል፣ ይበርደዋል፣ ደብዳቤውን ይቀበላል፣ እስከሚቀጥለው ማዕዘን ይሮጣል።

እንዲህ እያለ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ታምሩ ሐይቁ ዳር አሸዋ ላይ በሆዱ ተኝቶ ይዋኛል፤ ክቡር አሰልጣኙ ወደ ጥላ ሄደዋል። ጠሀ የሚባል ዓሣ አጥማጅ መረቡን ተሸክሞ አጠገቡ ቆመ።

"ወንድሜ፣ ምን ነክቶህ ነው?"

"ዋና እየተማርኩ ነው።"

"ደረቅ ላይ?"

"ውሃው መጨረሻ ላይ ነው ብለውኛል።"

ጠሀ ሐይቁን አየ፣ ታምሩን አየ። "መቼ ነው ውድድሩ?"

"የዛሬ ሁለት ሳምንት።"

"ተነሣ" አለው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ታምሩ በየምሳ ሰዓቱ ተደብቆ ይወርዳል። ጠሀ ብዙ አይናገርም። "ውሃውን አትደብድበው። ራስህን ክተት። ቀና ስትል ተንፍስ፣ ስትገባ ልቀቅ።" ይኸው ነው ትምህርቱ በሙሉ። በአሥረኛው ቀን ታምሩ ከዳር እስከ ጠሀ ጀልባ ሄዶ ይመለስ ጀመር። እንደ ዓሣ አይደለም፤ ጎርፍ እንደወሰደው በግ ነው፤ ግን ይደርሳል።

ለጋሽ ሸዋንግዛው አልነገራቸውም። እንዴት ብሎ ይንገራቸው? ጠዋት ጠዋት አግዳሚው ላይ እየተኛ በከዘራ መመታቱን ቀጠለ።

"ሁለት አሰልጣኝ ያለው ሰው ሁለት ጊዜ ይሰጥማል" አለችው ደስታነሽ።

"ቅር ይላቸዋል።"

"ቅር ይበላቸው! የሚመረመረው የሳቸው አቋም አይደለም!"

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ጠባ። በሁለተኛው ቀን አሞራ ገደል በባንዲራና በሰው ተሞላ። ተወዳዳሪው አሥራ አንድ ነው፤ ከየፋብሪካው፣ ከየመሥሪያ ቤቱ፣ ከየቀበሌው። ሕጉ ቀላል ነው። ከዳር ተነሥቶ እስከ ጠሀ ጀልባ መዋኘት፣ ዞሮ መመለስ፤ በብስክሌት እስከ መናኸሪያ ደርሶ መልስ፤ ከዚያ እስከ ቀበሌው አዳራሽ መሮጥ። ጓድ ኩማ ድምፅ ማጉያ ይዘው፣ "ከመስመር የወጣ፣ እንዳቋረጠ ይቆጠራል!" ብለው ሦስት ጊዜ ተናገሩ። ደስታነሽ በዚያ ሆዷ ከፊት ቆማለች። ጋሽ ሸዋንግዛው ደግሞ በካኪ ኮታቸው፣ ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ የሚያስሩበት ጣውላ ጫፍ ላይ ወጥተዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሐይቅ ነው።

ፊሽካ ተነፋ። ታምሩ ገባ። እጁ ሄደ፣ እግሩ ሄደ፣ ጀልባውን ሰባተኛ ሆኖ ዞረ። ጠሀ ከላይ "ቀስ፣ ቀስ" ይለዋል። ዳሩ ቀረበ። ታምሩ፣ ልጄን በእጄ አሳድጋለሁ ብሎ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ራሱን ከተተ።

ከጣውላው ላይ ጋሽ ሸዋንግዛው ራሱ ሲጠፋ አዩ።

በሳቸው ትምህርት ራሱ ውሃ የገባ ሰው አልቆለታል። "ልጄን! ልጄን ውሃ በላው!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ሰው ዞር ሲል ካኪ ኮት በአየር ላይ ነበር። ከነኮታቸው፣ ከነከዘራቸው፣ ከነቆመው ሰዓታቸው ገቡ። ከዚያ ባርኔጣቸው ብቻ ብቅ አለ፤ እሳቸው ግን ከስሩ አልነበሩም።

ታምሩ ቀና ሲል ዳሩ አሥራ አምስት እርምጃ ያህል ቀርቶታል። በግራው በኩል ባርኔጣ ሲንሳፈፍ አየ። ባርኔጣውን ያውቀዋል። ከባርኔጣው አጠገብ አንድ እጅ ወጣች፣ ገባች። ከፊቱ ብስክሌቱ ቆሟል፤ ከብስክሌቱ አጠገብ ደስታነሽ በሁለት እጇ አፏን ይዛለች።

ወደ ግራ ዞረ።

በኮት ኮሌታቸው ይዞ እየጎተተ ሲያወጣቸው ሰዎች ረዱት። አሸዋው ላይ ደፍተው ጀርባቸውን ሲመቱላቸው ግማሽ ሐይቅ ተፉ። ክቡር አሰልጣኙ ዓይናቸውን ገለጡ፣ ታምሩን አዩ፣ በማይሰማ ድምፅ "እግርህን... ቀጥ አላደረግክም" አሉት። ከላይ በድምፅ ማጉያው "ቁጥር ዘጠኝ፣ ከመስመር ወጥቷል፣ ተሰርዟል!" ተባለ። ቁጥር ዘጠኝ ታምሩ ነው። ደስታነሽ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አውልቃ ሽማግሌውን ሸፈነቻቸው።

እሑድ ስብሰባ ተጠራ። አዳራሹ ሙሉ ነው፤ ያን ቀን የተኛ የለም። ጓድ ኩማ ወረቀታቸውን አነበቡ። "ጓድ ታምሩ በአብዮት በዓል፣ በሕዝብ ፊት፣ ጀምሮ አቋርጧል። ምክንያቱን ያስረዳ። ግለሂስ ያቅርብ።" በር ላይ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች ቆመዋል፤ በየማዕዘኑ ደብዳቤ የሚያነቡት አይደሉም፣ ሌሎች ናቸው። ታምሩ ተነሣ። ሊናገር ሲል ከኋላው የከዘራ ድምፅ ተሰማ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ግለሂሱ የኔ ነው" አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው።

"ስለምን?"

"ስለ ዋና።" ሰፈሩ እኚህን ሰው ሃያ ዓመት ያውቃቸዋል፤ ሊናገሩ ሲሉ ቃል ሲጠፋቸው ያየ ግን የለም። "እኔ... መዋኘት አላውቅም።"

"አላውቅም" የሚለው ቃል ከሳቸው አፍ ሲወጣ የባዕድ አገር ቋንቋ ይመስል ነበር።

"ምፅዋስ?" አለ አንድ ሰው።

"ምፅዋ የነበርኩት ሦስት ወር ነው፤ የወደቡን መዝገብ ቤት ፋይል ሳስተካክል። ባሕሩን ያየሁት በመስኮት ነው። መስኮቱም ቆሻሻ ነበር።"

አንዱ ሳቀ። ሌላው "ብስክሌትስ?" አለ።

"ተቀምጬበት አላውቅም።"

"ሩጫስ ጋሼ?"

"አንድ ጊዜ ሮጫለሁ። ውሻ ነበር።"

ሳቁ ከኋላ ተነሥቶ ወደፊት መጣ። ጣሪያቸው የሚያፈሰው እትዬ ወለተጊዮርጊስ ብድግ አሉ፤ "ኧረ የጣሪያዬስ ነገር! በሬንጅ ድፈኚው ያሉኝስ?"

"እሱንም አላውቅም እትዬ።"

"ወይኔ ቤቴ!"

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ሸዋንግዛው ብቻ አልሳቁም። ላባቸውን በኮታቸው እጅጌ ጠርገው ወደ መድረኩ ቀረቡ። "ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ ልጅ አላቋረጠም። ሊጨርስ ሲል እኔ ሳላውቅ ገብቼ ጎተትኩት። አቋም የሚመረመር ከሆነ የኔ ይመርመር። የሱን አቋም እኔ አይቼዋለሁ፤ ውሃ ውስጥ፣ ኮሌታዬን ይዞ።"

ጓድ ኩማ ፊታቸውን በወረቀቱ ሸፍነዋል። ወረቀቱ ይንቀጠቀጣል። ቆይተው ሲያወርዱት ፊታቸው የሊቀመንበር ፊት ሆኖ ነበር። "ጥፋቱ የዕውቀት ማነስ ነው" አሉ። "ጓድ ሸዋንግዛው ለሦስት ወር አዳራሹን ይጠርጉ። ጓድ ታምሩ ወደ ሥራው ይመለስ።" ደስታነሽ ያንጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ሸዋንግዛው ፀጉር ቤት መምጣት አቆሙ። አዳራሹን በሌሊት ጠርገው በጓሮ በር ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ሰው ሰላም ሲላቸው አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። ፀጉር ቤቱ ጸጥ አለ። ሰው ይገባል፣ ይላጫል፣ ይወጣል። አንድ ደንበኛ ዙሪያውን አይቶ፣ "ታምሩ፣ ምነው፣ ለቅሶ አለ እንዴ?" አለው። በሁለተኛው ሳምንት ታምሩ ራሱን ከአግዳሚው ጋር ሲያወራ አገኘው። ምላጩን ኪሱ ከትቶ ወደ ቤታቸው ሄደ።

በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ቸግሮኝ ነው የመጣሁት።"

"እኔ ምንም አላውቅም ልጄ።"

"ምላጬ ደንዞብኛል። ምላጭ ሲደነዝ ምን ይሻለዋል?"

ታምሩ ምላጭ መሳል የጀመረው በአሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ከዲላ እስከ ሻሸመኔ በቆዳ ላይ ምላጭ እንደሱ የሚያመላልስ የለም። ጋሽ ሸዋንግዛውም ይህን ያውቃሉ። ምላጩን ተቀብለው ወደ ብርሃን አነሡት፤ ፀጉር የሚሰነጥቅ ምላጭ ነበር። ረጅም ጊዜ አዩት። ታምሩንም አዩት።

"ቆዳ ላይ አሸኸዋል?" አሉ በመጨረሻ።

"አሽቼዋለሁ። አልረዳም።"

"አይረዳማ! ማን ነው ቆዳ ያለህ?" ቀጥ ብለው ተቀመጡ። "ቀይ ሽንኩርት! ለሁለት ትሰነጥቅና ስለቱን በደንብ ታሽበታለህ። ሽንኩርት ብረትን ይበላል፣ ብረት ሲበላ ይሰላል። ሳታጥበው ነው የምትላጭበት፤ ልብ በል፣ ሳታጥበው!"

"ሳላጥበው" አለ ታምሩ፤ አመስግኖም ተነሣ።

ቅዳሜ ጠዋት የመጀመሪያው ተላጭ ጓድ ኩማ ነበሩ። ታምሩ አረፋውን ቀባ፣ ምላጩን አነሣ፣ ከላይ እስከ አገጭ በጥንቃቄ ወረደ። የሊቀመንበሩ ዓይኖች ቀሉ፣ ከዚያ ሞሉ፣ ከዚያ እንባው በአረፋው ላይ ወረደ። በዚያ ዘመን ሊቀመንበርን ማስለቀስ በምን እንደሚያስጠይቅ ማንም ያውቃል። ጓድ ኩማ በአፍንጫቸው አንዴ ሳቡ፣ ደገሙ። በመስተዋቱ ውስጥ ታምሩን አዩት፤ ታምሩ ምላጩን እንደያዘ ቆሟል።

"ሽንኩርት ነው?"

"አዎ፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

ጓድ ኩማ እንባቸውን ሳይጠርጉ ወደ ኋላ ተደገፉና አገጫቸውን ቀና አደረጉለት።

"ተመለሱ እንዴ ሰውዬው?" አሉ።